አዲስ ኤስኤስዲን ለሊኑክስ መከፋፈል፦ ዲስኩ የሌላ እጅ ሳይጠብቅ በራሱ እንዲነሣ

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ ኮምፒውተር በምጠግንባት ጠባብ ክፍል ውስጥ በተደጋጋሚ ከሚያጋጥሙኝ ብልሽቶች አንዱ፣ በእውነቱ ብልሽት ሊባል የማይገባው ነው። አንድ ተመራቂ ተማሪ ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «ጋሼ፣ ኤስኤስዲው ሳይሞት አልቀረም» አለኝ። ማሽኑ ሲበራ፣ የሚነሣበት ዲስክ እንዳላገኘ የሚገልጽ አንድ መስመር በጥቁር ገጽ ላይ ይጽፍና ይቆማል። ልጁ እንደነገረኝ ከጥቂት ወራት በፊት ኤስኤስዲውን ሰው ገጥሞለት ሊኑክስ ጭኖለታል፤ አሮጌው ሃርድ ዲስክም በዲቪዲው ቦታ በካዲ (በዚያ ቦታ ዲስክ በሚይዝ መያዣ) ገብቶ አብሮ ሲሠራ ቆይቷል፤ በዚያ ሳምንት ግን አሮጌውን አውጥቶ ለእህቱ ሰጥቷታል። ኤስኤስዲውን ከሌላ ማሽን ጋር ሳገናኘው የመመረቂያ ጽሑፉን ጨምሮ ሁሉም ፋይል በቦታው ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ ማሽኑ ሲበራ በመጀመሪያ የሚያነበው ትንሽ የማስነሻ ክፍልፋይ (ፓርቲሽን) ለእህቲቱ በተሰጠው አሮጌ ዲስክ ላይ ቀርቶ ነበር።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚያገለግሉት አንድ ዓላማ ነው። አዲሱ ኤስኤስዲ ከየትኛውም ሌላ ዲስክ ተነጥሎ ብቻውን ቢቀር እንኳ ሊኑክስን ማስነሣት አለበት። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ፣ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸውን ደኅና ላፕቶፖች ይዘው ወደ ሊኑክስ የሚመጡ ሰዎች በዝተዋል፤ የጻፍኩትም በዋነኛነት ለእነርሱ ነው። ምሳሌው ሊኑክስ ሚንት ነው። ይህን የመረጥኩት ለመከፋፈል የሚያስፈልገውን ጂፓርትድንም፣ ነገሩ ሲበላሽ የሚያስፈልገውን ቡት ሪፔርንም በዚያው በመጫኛው ፍላሽ ውስጥ ይዞ ስለሚመጣ ነው።

ዲስኩን መግጠም

ኤስኤስዲ ከመግዛትዎ በፊት ላፕቶፑ የሚቀበለውን ዓይነት ይወቁ። ባለ 2.5 ኢንቹ የሳታ ዲስክ በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ቦታ ልክ ይገባል። ኤም ዶት 2 የሚባለው ቀጭን ሰሌዳ ግን በመልክ አንድ መስሎ በውስጡ ሁለት ነው፤ አንዱ በሳታ ቋንቋ፣ ሌላው በኤንቪኤምኢ ቋንቋ ይናገራል፤ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ማስገቢያ ሌላውን ቢገጥሙበት ዲስኩ ጭራሽ እንደሌለ ይቆጥረዋል። በላዩ ላይ 2280 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ስለ ፍጥነቱ የሚነግርዎ ነገር የለም፤ ስፋቱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ብቻ ነው። ሲገጥሙ ሰሌዳውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ያስገቡና፣ የወርቅ ቀለም ካላቸው ጥርሶች አብዛኛው ክፍል መሸፈኑን አይተው፣ ጫፉን በጣትዎ ወደ ታች ተጭነው በትንሿ ብሎን ይያዙት። ብሎኗ ከጠፋች በፕላስተር ማሰር የሚሠራ ይመስላል፤ ላፕቶፑ ሲሞቅ ፕላስተሩ ለቆ ዲስኩ ብድግ ይላል፤ ስለዚህ ብሎን ይፈልጉ። ይህን ሥራ በነፋሻ ከሰዓት በተከፈተ በር አጠገብ አይሥሩት፤ የአዳማን አቧራ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም።

አሮጌውንም ሃርድ ዲስክ በካዲ አብሮ ማስገባት የሚፈልግ ሰው፣ ዋናውን ቦታ ለኤስኤስዲው ሰጥቶ አሮጌውን ወደ ዲቪዲው ቦታ ያዛውር። በአንዳንድ ላፕቶፖች የዲቪዲው መስመር ከዋናው የዘገየ ነው፤ ከዚያ መስመር ጭራሽ የማይነሡም አሉ።

አሁን ግን አሮጌው ዲስክ ከማሽኑ ይውጣ። የዚህ መመሪያ ዋና ምክር ይህ ነው፤ ምክንያቱን በጫኚው ክፍል አብራራለሁ። ለጊዜው፣ አሮጌው ዲስክ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በስሕተት ሊጠፋ የሚችል የቆየ ፋይል እንደሌለ አውቀው በረጋ መንፈስ ሊሠሩ እንደሚችሉ ብቻ ያስቡ። ማውጣት የማይቻል ከሆነ፣ ለምሳሌ አሮጌው ዲስክ ላፕቶፑን ሁሉ ፈትቶ ካልሆነ የማይደረስበት ቦታ ላይ ካለ፣ በውስጡ ያለውን ዋና ዋና ፋይል ወደ ውጪያዊ ዲስክ ሳይገለብጡ አንድ እርምጃ አይራመዱ።

ፍላሹ

የሚንትን መጫኛ ፋይል ያውርዱ፤ መጠኑ ወደ 3 ጊጋባይት ስለሚጠጋ በስልክ ዳታ ለሚያወርድ ሰው የሌሊት ጥቅል ይሻለዋል። ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሚይዝ ፍላሽ ላይ ሩፈስ ወይም ኤቸር በሚባሉት ፕሮግራሞች ይጻፉት። ላፕቶፑን ሲያበሩ የማስነሻ ምርጫውን የሚያወጣውን ቁልፍ ደጋግመው ይምቱ፤ በዴልና በሌኖቮ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚያልፈው ነገር አለ። በምርጫው ዝርዝር ላይ ያው አንዱ ፍላሽ ሁለት ጊዜ ሊታይ ይችላል፤ አንደኛው ከስሙ በፊት ዩኢኤፍአይ የሚል ቃል አለው፣ ሌላው የለውም። በዩኢኤፍአይ የተነሣ ፍላሽ ሊኑክስን በአዲሱ ዘዴ፣ ያለዚያ የተነሣው ደግሞ ባዮስ በሚባለው በቀድሞው ዘዴ ይጭነዋል፤ የሁለቱ ክፍልፋዮችም አይመሳሰሉም። ስለዚህ ዩኢኤፍአይ የሚለውን ይምረጡ። በትክክል መነሣቱን ለማረጋገጥ ሚንት ከፍላሹ ከተከፈተ በኋላ የፋይል ማሳያውን ከፍተው «ፋይል ሲስተም» የሚለውን፣ ቀጥሎ «ሲስ»፣ ቀጥሎ «ፈርምዌር» የሚሉትን ፎልደሮች ይክፈቱ። በውስጡ «ኢኤፍአይ» የሚባል ፎልደር ካገኙ መንገዱ ትክክል ነው። ካላገኙ ማሽኑን አጥፍተው እንደገና ያስነሡ፤ ማሽኑ አርጅቶ ዩኢኤፍአይን የማያውቅ ከሆነ የሚደረገውን ከታች ጠቅሻለሁ።

በወረቀት ላይ የሚሠራው ስሌት

መከፋፈሉ ራሱ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ከዚያ በፊት በወረቀት ላይ የሚሠራው ስሌት ነው፤ ለዚህም አንድ የአካባቢያችን ምክንያት አለ። ባዶ ዲስክን መከፋፈል ቅጽበታዊ ስለሆነ መሐል ላይ ኃይል ቢቋረጥ የሚጠፋ ነገር የለም፤ በድጋሚ መጀመር ነው። ውሎ አድሮ «ይኼኛው ጠበበኝ» ተብሎ ዕቃ የሞላበት ክፍልፋይ ከቦታው ሲገፋ ግን ኮምፒውተሩ በመቶ ጊጋባይት የሚቆጠር ይዘት ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ሲያጓጉዝ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ መብራት በዚያ መሐል ከሄደ ክፍልፋዩ ከነይዘቱ ሊበላሽ ይችላል። ከከተማችን አጠገብ ባለው ከፍታ ላይ የነፋስ ተርባይኖቹ ሲሽከረከሩ እያዩ በጨለማ መቀመጥ የለመደ ሰው፣ ክፍልፋይ ማንቀሳቀስን የሚጠይቅ ዕቅድ አያወጣም።

በመጀመሪያ ቁጥሩ አያስደንግጥዎ። በካርቶኑ ላይ 240 ጊጋባይት የተባለው ዲስክ በጂፓርትድ ላይ 223 ሆኖ ይታያል። የጠፋ ነገር የለም፤ አምራቹ በሺህ ሲያባዛ ጂፓርትድ በ1024 ስለሚያባዛ ነው። በተመሳሳይ 500 የተባለው 465 ይሆናል። 2 ቴራባይት ተብሎ በማይታመን ዋጋ የተሸጠ ዲስክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ስርዓቱ ከተጫነ በኋላ ኤፍ3 በሚባለው ፕሮግራም ዳር እስከ ዳር ሞልተው መልሰው ያስነብቡት፤ በሐሰት የተጻፈ መጠን የሚጋለጠው እንዲህ ሲሞላ ነው።

ለባለ 240 ጊጋባይቱ ዲስክና 8 ጊጋባይት ራም ላለው ላፕቶፕ እኔ የምጠቀምበት አከፋፈል የሚከተለው ነው። የመጀመሪያው 1 ጊጋባይት ለማስነሻው ክፍልፋይ ነው። ሚንት ከዚህ የሚጠቀመው በጣም ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ግማሹም ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ወደፊት ሌላ ዓይነት ሊኑክስ ቢጫን፣ ከርነሉን፣ ማለትም የስርዓቱን እምብርት፣ ጭምር በዚህ ክፍልፋይ ውስጥ የሚያስቀምጡ ስላሉ፣ በግማሽ ጊጋባይት ንፉግ መሆን አይገባም። ቀጣዩ 60 ጊጋባይት ለስርዓቱ ነው፤ ይህም በእዝባር ምልክት «/» የሚወከለው ሥረ መሠረቱ ነው። ከ30 በታች ሲሆን ታይምሺፍት የሚባለው የሚንት መመለሻ የሚያስቀምጣቸው ቅጂዎችና በፍላትፓክ መልክ የሚጫኑ ፕሮግራሞች ቶሎ ይሞሉታል። በባለ 500 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ደግሞ 100 ብሰጠው አይቆጨኝም።

ከዚያ 9 ጊጋባይት ለስዋፕ፣ ማለትም ራም ሲጠብ ዲስክ ላይ ለሚያግዘው ማረፊያ፣ ይሁን። ስዋፕ በፋይል መልክም ስለሚሠራ፣ የተለየ ክፍልፋይ ባይሰጡት ሚንት ራሱ ፋይል ያዘጋጃል፤ ለብዙ ሰው ይህ በቂ ነው። እኔ ግን ባትሪያቸው ሃያ ደቂቃ እንኳ ለማይቆይ ላፕቶፖች ክፍልፋይ እሠራለሁ። መብራት ሲሄድ የተከፈተውን ሁሉ ዲስክ ላይ ጽፎ ማሽኑን የሚያጠፋው ሃይበርኔት የሚባለው አሠራር፣ ቢያንስ ከራሙ እኩል የሆነ ስዋፕ ይፈልጋልና። ሃይበርኔት በሚንት ላይ ሳይነኩት የሚሠራ አይደለም፤ ከጭነቱ በኋላ ተጨማሪ ማስተካከያ ይጠይቃል፤ ሴክዩር ቡት የሚባለው የማሽኑ የማስነሻ ጥበቃ ሲበራም አብዛኛውን ጊዜ ይታገዳል። ይሁንና ቦታው ከወዲሁ ካልተያዘ በኋላ ለማግኘት ክፍልፋይ መግፋት ይመጣል።

ቀጥሎ 140 ጊጋባይት ለሆም፣ ማለትም ለራስዎ ፋይሎች ነው። ሆምን ከስርዓቱ መለየት ግዴታ አይደለም፤ ባለ 120 ጊጋባይት ዲስክ ላይ እንዲያውም አልመክረውም፤ አንዱ ሞልቶ ሌላው ባዶ ይቀራልና። ቦታው ካለ ግን፣ ሊኑክሱን እንደገና መጫን ሲያስፈልግ የስርዓቱን ክፍልፋይ ብቻ ፎርማት አድርጎ ሰነድን፣ ፎቶንና የብራውዘርን ማስታወሻ ሳይነኩ መተው ትልቅ እፎይታ ነው። ከሁሉ ተርፎ መጨረሻ ላይ የሚቀረውን ወደ 13 ጊጋባይት ሳይመደብ ባዶውን ይተዉት። ኤስኤስዲ የተጻፈበትን ቦታ ከማደሱ በፊት ማጽዳት ስላለበት ባዶ ቦታ ሲኖረው ሥራው ይቀለዋል፤ በተለይ ርካሾቹ ዲስኮች ጢም ብለው ሲሞሉ መፍዘዛቸው በግልጽ ይታያል። ባዶው ቦታ ሌላም ጥቅም አለው፤ ያንን በመጨረሻ እናየዋለን።

በጂፓርትድ መከፋፈል

ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ይሰኩ። ከፍላሹ በተከፈተው ሚንት ምናሌ ውስጥ ጂፓርትድን ይክፈቱ። በላይኛው ቀኝ ጥግ የዲስኮች ዝርዝር አለ፤ ሁሉንም ከፍተው ይዩ። የሳታ ዲስክ ኤስዲኤ ወይም ኤስዲቢ፣ የኤንቪኤምኢ ዲስክ ደግሞ ኤንቪኤምኢ0ኤን1 ተብሎ ይጠራል፤ ፍላሹም በኤስዲ ይጀምራል። ፊደሎቹ ማሽኑ ዲስኮቹን ባገኘበት ቅደም ተከተል ስለሚሰጡ ኤስዲኤ ሁልጊዜ የውስጡ ዲስክ ነው ብሎ መተማመን አይገባም። የሚታመነው መጠኑ ነው፤ 223 ጊጋባይት ያለው ኤስኤስዲው፣ 14 ወይም 7 ገደማ የሚያሳየው ፍላሹ ነው። ኤስኤስዲው ጭራሽ ካልታየ ባዮስ ወደሚባለው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ ገብተው የሳታው አሠራር በሬድ ወይም በኢንቴል አርኤስቲ ላይ መሆኑን ያጣሩና ወደ ኤኤችሲአይ ይቀይሩት፤ ይህ ለውጥ ግን በአሮጌው ዲስክ ላይ ያለውን ዊንዶውስ እንዳይነሣ ሊያደርገው እንደሚችል ይወቁ።

ትክክለኛውን ዲስክ መርጠው «ዲቫይስ» ከሚለው ምናሌ «ክሪኤት ፓርቲሽን ቴብል» የሚለውን ይጫኑ። የሚወጣው ሳጥን ኤምኤስዶስ የሚለውን አስቀድሞ መርጦ ሊጠብቅዎ ስለሚችል ወደ ጂፒቲ ይቀይሩት። ኤምኤስዶስ የተባለው ኤምቢአር የሚባለው የቀድሞው ሠንጠረዥ ሲሆን ከአራት በላይ ዋና ክፍልፋይ አይቀበልም፤ በተለመደው የ512 ባይት ሴክተርም ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ቦታ አይደርስበትም። ጂፒቲ በተለመደው አሠራሩ እስከ 128 ክፍልፋይ ይመዘግባል፤ የሠንጠረዡንም ቅጂ በዲስኩ መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር የፊተኛው ቢበላሽ የኋለኛው ይተርፋል።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። በጂፓርትድ የሚያዙት ሥራ ሁሉ ማለት ይቻላል አረንጓዴውን የ«አፕላይ» ምልክት እስኪጫኑ ድረስ ተራ ይዞ ይጠብቃል፤ ሐሳብዎን ቢቀይሩ ይሰርዙታል። ሠንጠረዥ መፍጠር ግን ተራ አይጠብቅም። በዚያች ሳጥን ውስጥ የሚጫኑት «አፕላይ» ወዲያው ይፈጸማል፤ የተሳሳተ ዲስክ ላይ ከሆኑም ወዲያው ነው። በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን የዲስክ ስም ጮክ ብለው ያንብቡት። እኔ እስካሁን አነብባለሁ፤ አጠገቤ ደንበኛ ካለም ይስቅብኛል።

አሁን ግራጫው ባዶ ቦታ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ኒው» ይበሉ። በአዲሱ መጠን ሳጥን 1024 ይጻፉ፤ ሳጥኖቹ በሜጋባይት እንጂ በጊጋባይት እንደማይቆጥሩ ያስተውሉ። የፋይል ስርዓቱን ፋት32 ያድርጉና «ኤድ» ይበሉ። «አላይን ቱ» በሚለው ቦታ «ኤምአይቢ» እንደተመረጠ ይተዉት፤ ክፍልፋዮቹ በሙሉ ሜጋባይት ላይ እንዲጀምሩ ስለሚያደርግ የኤስኤስዲው ውስጣዊ አደረጃጀት አይጣረስም። ከክፍልፋዩ በፊት 1 ሜጋባይት ባዶ ቢቀር ትክክል ነው። በዚሁ መንገድ 61440 በኤክስት4 ለስርዓቱ፣ 9216 በሊኑክስ ስዋፕ፣ 143360 በኤክስት4 ለሆም ይጨምሩ። «ሌብል» በሚለው ቦታ ለእያንዳንዱ ስም ቢሰጡት በኋላ በጫኚው ውስጥ ከመደናገር ይድናሉ። ሁሉም በሥዕሉ ላይ በተራ መቀመጣቸውን አይተው አረንጓዴውን ምልክት ይጫኑ።

ሲጨርስ አንድ ነገር ይቀራል፤ በልጁ ላፕቶፕ ላይ ቢታሰብበት ኖሮ ወደ እኔ ከመምጣት ያድነው የነበረው ነገርም ይኸው ነው። ፋት32 የሆነ ክፍልፋይ ሁሉ የማስነሻ ክፍልፋይ አይደለም። በመጀመሪያው ክፍልፋይ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው «ማኔጅ ፍላግስ» የሚለውን ይክፈቱና «ቡት» የሚለውን ምልክት ያድርጉበት፤ «ኢኤስፒ» የሚለው ራሱ አብሮ ምልክት ይደረግበታል። በዚህ ምልክት ነው ጫኚውም ሆነ ፈርምዌር የሚባለው የማሽኑ ውስጠኛ ማስነሻ ክፍልፋዩን የሚያውቁት።

ዩኢኤፍአይን ለማያውቅ አሮጌ ማሽን ከሆነ፣ በዚህ ክፍልፋይ ምትክ ከፊት 1 ሜጋባይት ብቻ የሆነ፣ ፎርማት ያልተደረገ ክፍልፋይ ሠርተው «ባዮስ ግራብ» የሚለውን ምልክት ይስጡት። ሌላው ሁሉ አንድ ነው።

ጫኚው የሚያታልልበት ቦታ

ጂፓርትድን ዘግተው የሚንትን ጫኚ ይክፈቱ። የጭነቱን ዓይነት ሲጠይቅ ከሁሉ በታች ያለውን «ሰምቲንግ ኤልስ» ይምረጡ። የሠሯቸው ክፍልፋዮች ይዘረዘራሉ። የመጀመሪያውን ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉት «ኢኤፍአይ ሲስተም ፓርቲሽን» ሆኖ ሊጠብቅዎ ይገባል፤ ካልሆነ ያድርጉት። ባለ 60ውን ኤክስት4 ብለው፣ ፎርማት የሚለውን ምልክት አድርገው፣ መቀመጫውን «/» ይስጡት። ለሆሙ ከተዘረዘሩት መቀመጫዎች እዝባሩን ተከትሎ ሆም የሚለውን ይምረጡ። በአዲስ ዲስክ ላይ እርሱንም ፎርማት ማድረግ ጉዳት የለውም፤ ከዓመታት በኋላ ስርዓቱን ደግመው ሲጭኑ ግን በሆም ላይ ይህን ምልክት ፈጽሞ አያድርጉ።

ከዝርዝሩ ሥር፣ የማስነሻው ፕሮግራም በየትኛው ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ የሚጠይቅ ሳጥን አለ። ኤስኤስዲውን ይምረጡ፤ ክፍልፋዩን ሳይሆን ዲስኩን። ነገር ግን ይህ ሳጥን በዩኢኤፍአይ ጊዜ ቃሉን አይጠብቅም። ሚንት ሲገለገልበት የቆየው ጫኚ በማሽኑ ውስጥ ሌላ የማስነሻ ክፍልፋይ ያለው ዲስክ ካገኘ፣ እርስዎ በሳጥኑ ውስጥ የመረጡት ምንም ይሁን ምን፣ ግራብ የሚባለውን ይህን የማስነሻ ፕሮግራም ቀድሞ ባገኘው የማስነሻ ክፍልፋይ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። ያ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዊንዶውሱ ዲስክ ነው። ማሽኑ እንደ ወትሮው ስለሚነሣ ማንም አይጠረጥርም፤ አሮጌው ዲስክ እስኪወጣ ድረስ። አሮጌውን ዲስክ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥነው ለዚህ ነበር። ማውጣት ያልቻለ ሰው፣ በጂፓርትድ በአሮጌው ዲስክ የማስነሻ ክፍልፋይ ላይ ያሉትን «ቡት» እና «ኢኤስፒ» ምልክቶች ለጊዜው አንሥቶ፣ ሊኑክስ ተጭኖ ካበቃ በኋላ ይመልሳቸው።

«ኢንስቶል ናው» ሲሉ የሚወጣው የመጨረሻ ማሳሰቢያ የትኞቹ ክፍልፋዮች ፎርማት እንደሚደረጉ ይዘረዝራል። እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የማያውቁት ዲስክ ስም ካለ ወደ ኋላ ይመለሱ።

ማረጋገጫው

ጭነቱ ሲያልቅ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ፤ ፍላሹን ይንቀሉ፤ አሮጌውን ዲስክ አሁንም አይመልሱ። ያብሩት። ሚንት ከተነሣ «ዲስክስ» የሚባለውን ፕሮግራም ከፍተው የመጀመሪያውን ክፍልፋይ መቀመጫ ይመልከቱ፤ ቡትና ኢኤፍአይ የሚሉ ቃላት በእዝባር ተለያይተው ከተጻፉ የማስነሻው ክፍልፋይ እዚሁ ዲስክ ላይ ሥራውን ጀምሯል ማለት ነው። ሆሙ ባዶ ሳለ ከ140ው ጊጋባይት ጥቂቱ የተያዘ ቢመስል አይገረሙ፤ ኤክስት4 በተለመደው አሠራሩ 5 በመቶውን ለስርዓቱ አስተዳዳሪ ይቆጥባል። ትሪም የሚባለው፣ የተሰረዘ ቦታ የትኛው እንደሆነ ለኤስኤስዲው የሚነግር ሥራ ደግሞ በሚንትም ሆነ በኡቡንቱ በሳምንት አንድ ጊዜ ራሱ ስለሚካሄድ እርስዎ የሚጨምሩበት ነገር የለም።

አሮጌውን ዲስክ አሁን ሊመልሱት ይችላሉ። ማሽኑን አጥፍተው ይግጠሙትና ወደ ባዮስ ገብተው በማስነሻው ተራ ኤስኤስዲውን ወይም ሚንቱን አንደኛ ያድርጉ። አሮጌው ዲስክ ሁልጊዜ ራሱ እንዲከፈት ከፈለጉ በዚሁ በ«ዲስክስ» ያዝዙት፤ እርሱ ዲስኩ ባይኖርም መነሣቱን ቀጥል የሚል ማዘዣ አብሮ ይጽፋል። ይህ ማዘዣ ያልተጻፈለት ዲስክ ሲወጣ ሊኑክስ 90 ሰከንድ ያህል ይጠብቀውና በአደጋ ጊዜ ገጽ ላይ ይቆማል፤ ያን ጊዜም ሰው ኤስኤስዲው ሞተ ብሎ ወደ እኔ ይመጣል።

ቀድሞ የተሳሳተ ዲስክ እንዴት እንደሚስተካከል በልጁ ላፕቶፕ ልንገራችሁ። የማስነሻ ክፍልፋይ የግድ ከፊት መሆን የለበትም፤ መጨረሻም ላይ ይሠራል። በእርሱ ዲስክ ላይ አንዲት ሜጋባይት ሳይተው ሁሉም ተመድቦ ስለነበር፣ በቅድሚያ ሆሙን በውጪያዊ ዲስክ ላይ ገለበጥኩ፤ ከዚያ የሆሙን ክፍልፋይ ከመጨረሻው ጫፍ በ1 ጊጋባይት አሳጠርኩ፤ ባዶ ቦታ ተትቶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አያስፈልግም ነበር። በተገኘው ቦታ ፋት32 ክፍልፋይ ሠርቼ ምልክቱን ከሰጠሁት በኋላ፣ ከሚንት ፍላሽ ላይ ቡት ሪፔርን ከፍቼ ግራብን እዚያ ላይ እንዲያስቀምጥ አዘዝኩት። ከመገልበጡ በስተቀር ሥራው ሃያ ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ከመዝጋቴ በፊት የክፍልፋዮቹን ተራና መጠን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ከላፕቶፑ የታችኛው ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ከማቀዝቀዣው ፋን ራቅ አድርጌ ለጠፍኩ፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው እኔ ላልሆን እችላለሁና።